ለታማሚዋ፣ አምስት ከአምስት

አልጋው የብረት ነው። አንድ ሆስፒታል ዕቃ ሲቀይር አሮጌዎቹን ለፈለገ ሰጠ፤ ሴሚናሪውም አንዱን በጋሪ አስጭኖ አመጣ። ራስጌው ላይ በነጭ ቀለም አሥራ አራት ቁጥር ተጽፎበታል። አንደኛው ጎማ አልሽከረከርም ብሏል፣ ሰው ሲወጣበትም ሲወርድበትም ሲጥ ይላል። ሰው ሳይወጣበትም ሲጥ ሲል የሚሰማው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ምን ብሎ ይናገር? ዕድሜውን ሙሉ ሌላውን ሲያስተምር ኖሮ በመጨረሻ አእምሮውን ነካው ይበሉት?

ሰውየው የሕሙማን ጉብኝት መምህር ነው። ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ትምህርት ነው የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አገልጋይ ለመሆን የሚማር ሰው ቃሉን ማጥናቱ፣ ስብከት ማሰናዳቱ፣ ከጥንት ቋንቋ ጋር መታገሉ ብቻ አይበቃውም። ነገ ምእመኑ ሲታመም አልጋው አጠገብ ሄዶ የሚቀመጠው እሱ ነው። እዚያ አትሮኖስ የለ፣ ማይክ የለ፣ አሜን የሚል ጉባኤ የለ። ስለዚህ ሴሚናሪው አንዱን ክፍል የሕመምተኛ ክፍል አስመስሎ አሰናዳው። አልጋውን አስገባ፣ ከጎኑ አንድ ዱካ አኖረ፣ ኮመዲኖ ላይ የውሃ ብርጭቆ አስቀመጠ። ተማሪዎች ከቆርቆሮ ጣሳ ዕጣ ያወጣሉ። አንዱ ታማሚ ሆኖ ይተኛል፤ አንዱ ጠያቂ ሆኖ ይገባል፤ የቀረው ግድግዳውን ተደግፎ ያያል። መምህሩ ጥግ ላይ ተቀምጦ በቀይ እስክርብቶ ያርማል።

ጠያቂው የሚታረመው ከሃያ ነው። ሲገባ አንኳኳ ወይ? ከመቀመጡ በፊት ፈቃድ ጠየቀ ወይ? ያነበበው ክፍል ለሕመሙ ይስማማል? ጸሎቱ ከሦስት ደቂቃ አልበለጠም? ሰዓቱን ሰርቆ አላየም? ታማሚው ደግሞ ከአምስት ይታረማል። ይቺ የመምህሩ የራሱ ፈጠራ ናት፤ ታማሚው ካልተጋ ጠያቂው አይማርም ይላል። ተማሪዎቹ ከኋላው «ቀይ እስክርብቶ» ይሉታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እሱም አንዴ የጻፈውን ማርክ እናቱ ከመቃብር ተነሥታ ብትለምነው አይሽርም።

ከሰባት ዓመት ገደማ በፊት አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ኮሌታዋ ላይ ሁልጊዜ ክር ያለው መርፌ ሰክታ ስለምትዞርና ቁልፉ የወለቀበትን ሁሉ እያስቆመች ስለምትተክልለት «ባለመርፌዋ» ይሏታል። ሳቋ ከኮሪደሩ ጫፍ ይሰማ ነበር። አንድ ማክሰኞ ዕጣው ለእሷ ወጣና ታማሚ ሆና አልጋው ላይ ወጣች። ሌሎች ታማሚ ሲሆኑ ማቃሰት ይወዳሉ፣ ሆዳቸውን ይይዛሉ፣ ጓደኞቻቸውን ያስቃሉ። እሷ አላቃሰተችም። እጇን ብርድ ልብሱ ላይ አድርጋ ጣራ ጣራውን እያየች ተናገረች።

«ጡቴ ላይ እብጠት አለ» አለች። «መጀመሪያ ባቄላ ታህል ነበር። አሁን ስተኛ ትቆረቁረኛለች። የምውልበት ቦታ ያሉት ካወቁ ያሰናብቱኛል፣ ስለዚህ ለማንም አልተናገርኩም። እኅቴ ታላቄ ናት፣ በስፌት ነው ያሳደገችኝ፤ ብነግራት የስፌት መኪናዋን ሸጣ ታሳክመኛለች፣ ከዚያ በምን ትኖራለች? ለእሷም አልነገርኳትም። እናንተም ልትጠይቁኝ ትመጣላችሁ። ስትጸልዩልኝ ሁላችሁም ዓይናችሁን ትጨፍናላችሁ። አንድ ሰው እንኳ ዓይኑን ከፍቶ አያየኝም። ስትወጡ ደግሞ በሩን ቀስ አድርጋችሁ ነው የምትዘጉት፤ የሬሳ ክፍል በር እንደሚዘጋው።»

እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወርዶ ትራሱን አራሰው። የዚያን ዕለት ጠያቂ የሆነው የክፍሉ ጎበዝ ነበር። አነበበ፣ በሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ጸለየ፣ ተሰናብቶ ወጣ፣ በሩንም ቀስ አድርጎ ዘጋው። ክፍሉ አጨበጨበ። መምህሩ በደስታ ሊፈነዳ ምንም አልቀረው። ለጠያቂው አሥራ ስምንት ሰጠ፤ በእሷ ወረቀት ላይ ደግሞ በቀዩ «ለታማሚዋ፣ አምስት ከአምስት። እውነት ይመስላል!» ብሎ ጻፈ። እንዲያው በዚህ እንኳ ቢበቃው ምን ነበረበት? አልበቃውም። ስትወጣ ጠራትና፣

«ሐሙስ ለሁለተኛው ክፍል ትደግሚልኛለሽ?» አላት።

ቆማ አየችው። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈት አደረገች፣ ከዚያ መርፌዋን ኮሌታዋ ላይ ነካ አድርጋ «እሺ መምህር» አለች።

ሐሙስ ደገመችው። አንድ ቃል አላጎደለችም፤ ብቻ አላለቀሰችም። ሲወጡ መምህሩ «የማክሰኞው እንባ ቢኖር ይሻል ነበር» አላት። አዎ፣ ብሏታል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ምን ይደረግ።

ሴሚናሪው በየዓመቱ የጤና ወረቀት ይጠይቃል፤ የታመመ ተማሪ እስኪሻለው ቤቱ ይሄዳል። እሷ ሌላ ሰው አስመርምራ ይሁን በምን ዘዴ እንጃ፣ ያንን አልፋ ነበር። ከአራት ወር በኋላ ትምህርቷን አቋረጠች። በስምንተኛው ወር አረፈች የሚል ወሬ መጣ፣ የጸሎት ቤቱ ጉባኤ አንድ ደቂቃ ቆመላት። መምህሩም ከሌላው ጋር ቆሞ ነበር። አዘነ፣ ግን ምንም አልጠረጠረም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ ደብቃ ቢሆን እሺ። ይቺ ልጅ ግን አልደበቀችም። ሁለት ጊዜ፣ በስልሳ ሰው ፊት፣ ጮክ ብላ ተናግራለች።

ያንን ያወቀው እኅቷ፣ ልጅቱ ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰቻቸውን መጻሕፍት ልትመልስ የመጣች ቀን ነው። እኅትየዋ ልብስ ሰፊ ናት፣ ጣቶቿ በመርፌ የተወጋጉ። ከአንዱ መጽሐፍ ውስጥ ያቺን ወረቀት አወጣች።

«መምህር፣ ይህ ምንድን ነው? ‹ለታማሚዋ› ይላል። ጽሑፉ የእርስዎ ነው አሉኝ። ጡቷን ነበር የታመመችው፤ ዓመት ሙሉ ደብቃኝ። እዚህ ታውቁ ነበር እንዴ?»

መምህሩ ወረቀቱን አየ። የጻፈው ቀይ ቀለም አልደበዘዘም። ያኔ መናገር ነበረበት፤ ያኔ፣ እዚያው ቆሞ። አፉ ግን ለባለቤቱ ቆመ።

«የክፍል ሥራ ነው» አለ። «ከሁሉም በላጭ ሆና ያገኘችው ማርክ ነው።»

የሴትየዋ ፊት በራ። «አምስት ከአምስት» አለች፤ «ነግራኝ እኮ አታውቅም።» ወረቀቱን ሳመችና በሻርፗ ጫፍ ጠቅልላ ይዛው ሄደች። እሱ ደግሞ እዚያው ቆሞ ቀረ፤ ከጀርባው ባዶው ክፍል ውስጥ አልጋው ሲጥ አለ።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት መሆኑ ነው። በማግስቱ አልጋውን ወደ ዕቃ ቤት አስወጣው፤ ተማሪዎቹን አግዳሚ ወንበር ላይ ያስተኛ ጀመር። አልጋው ግን ከዕቃ ቤትም ይሰማዋል። በዚያ ሲያልፍ ሲጥ ይላል፤ ሌላ ሰው አብሮት ሲያልፍ ዝም ይላል። ታማሚ የሆነው ተማሪ አፉን ከመክፈቱ በፊት ያቺ ባለመርፌዋ ትቀድማለች፣ ዓይናችሁን ትጨፍናላችሁ ትለዋለች። ሆስፒታል መሄድ አቆመ። የገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች እገሌ ታሟልና እንሂድ ሲሉት ተማሪዎቹን ይልካል፤ ለእነሱ ልምምድ ነው ይላል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። የሚስቱ አጎት ሲታመም እንኳ ከበሩ ነው የተመለሰው። ሚስቱ «አንተ ሰውዬ፣ ሌላውን የምታስተምረውን ምነው ራስህ ሸሸኸው?» ብላ ጠይቃው ነበር። እሱ መጽሐፉን ይዞ ወደ ሌላ ክፍል ገባ።

ዘንድሮ ታዲያ እውቅና የሚሰጡ ገምጋሚዎች ይመጣሉ ተባለ። ዲኑ ደግ ሰው ነው፣ ስብሰባ ግን ይወዳል። ሦስት ሳምንት ሙሉ መምህራኑን ሰብስቦ «ዓላማችን ምንድን ነው?» ሲላቸው ሰነበተ። «ትጉ አገልጋይ ማፍራት» ብለው ግድግዳ ላይ የጻፉት አይበቃም፤ ዓላማ መለካት አለበት። ተመራቂው ምን ያውቃል? ምን ይሠራል? በምን ይረጋገጣል? አንዱ ባሕርይ ሲል ሌላው ዕውቀት ይላል፤ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው። በመጨረሻ ዲኑ የመምህሩን የማርክ ወረቀት ከፍ አድርጎ አሳየ።

«ይኸው» አለ። «ከዚህ የተሻለ መለኪያ ያለው አለ? ሐሙስ ገምጋሚዎቹ የእርስዎን ክፍል ያያሉ። የትምህርቱን ዓላማም በአንድ አንቀጽ ይጻፉልን። አልጋውንም ከዕቃ ቤት አስወጥቼዋለሁ፤ አግዳሚ ላይ የሚተኛ ሕመምተኛ የት አለ?»

መምህሩ ቢሮው ገብቶ «የዚህ ትምህርት ዓላማ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ እጁ አልሄድ አለው። ከግድግዳው ማዶ አልጋው ሲጥ አለ። ሰረዘው፤ እንደገና «የዚህ ትምህርት ዓላማ» አለ። ረቡዕ ማታ ወረቀቱን ለዲኑ ሲሰጥ ያቺው ግማሽ መስመር ብቻ ነበረችበት፤ ዲኑ ሌላውን ራሱ ሞላው።

የሐሙሱን ነገር ያከበደው ግን ሌላ ነበር። ሦስተኛና የመጨረሻ ሙከራውን የሚያደርግ አንድ ተማሪ አለ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ግንበኛ ነው፤ እጁ ሰፋፊ፣ አንገቱ ወፍራም። ቃል ከአፉ በመጥረቢያ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ዝምታ ወርቅ ነው እያሉ «ወርቁ» አሉት፣ ስሙ ሆኖ ቀረ። የላከችው ድንጋይ የሚፈልጡ ሰዎች ያሉባት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ናት። ሰባት ዓመት ያለ እረኛ ኖረዋል፤ እሱ ተመርቆ ሲመለስ ሊቀበሉት ቤት ሠርተው ጨርሰዋል። ለማለፍ ከሃያ አሥር ይፈልጋል። መጀመሪያ ስድስት አመጣ፣ ቀጥሎ ሰባት። ሲገባ ዱካው ላይ ይቀመጣል፤ መጽሐፉን አይከፍት፣ አይጸልይ፣ ዝም። አንድ ጊዜ የታማሚው እግር ከብርድ ልብሱ ወጥቶ አየና ሸፈነው። ሥራው በሙሉ ያ ብቻ ነበር። መምህሩም በቀዩ «አገልግሎቱ የታል?» ብሎ ጽፎበታል።

ቢሮው ጠርቶ «ምን ሆነህ ነው የማትናገረው?» ሲለው ወርቁ ጫማውን እያየ መለሰ።

«መምህር፣ የተኛው ልጅ እንዳልታመመ አውቃለሁ። ለጤነኛ ሰው ምን እላለሁ?»

«ነገ በእውነት የታመመ ሲገጥምህስ?»

«እሱን ሳየው አውቃለሁ።»

አውቃለሁ አለ! መምህሩ ተናደደ። እሱ ማርክ ሲሰጥ ሃያ ዓመት ሞልቶታል፤ አይቶ ግን አላወቀም።

ሐሙስ ጠዋት ገምጋሚዎቹ መጡ። አንዲት መነጽር ያደረጉ ሴትና ፋይል የታቀፉ ሰውዬ ናቸው። ከዲኑ ጋር ግድግዳው ሥር ተቀመጡ። አልጋው መሐል ክፍሉ ላይ አንሶላው ተወጥሮ ቆሟል። ትራሱ መሐል ላይ ጎድጎድ ብሏል፤ መምህሩ አስተካከለው፣ ዞር ሲል ደግሞ ጎደጎደ። የላስቲክ ትራስ እንደዚያ ያደርጋል ብሎ ራሱን አጽናና።

ጣሳው ዞረ። ታማሚ የምትሆነው የክፍሉ አለቃ ሆነች፤ ቀልጣፋ፣ ሁሉ ነገር የተሳካላት ልጅ። ጠያቂው ወርቁ። ልጅቱ አልጋው ላይ ወጣች፣ ሲጥ አለ፣ እጇን ብርድ ልብሱ ላይ አደረገች። ከዚያ ጣራ ጣራውን እያየች ጀመረች።

«ለቤተሰቦቼ አልነገርኳቸውም» አለች። ድምጿ ተንቀጠቀጠ፤ እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወረደ።

መምህሩ ከወንበሩ መቼ እንደተነሣ አያውቅም። አልጋው አጠገብ ቆሞ ራሱን አገኘው።

«ይህ የራስሽ ነው?» አላት።

ልጅቱ ቀና አለች። «ምኑ፣ መምህር?»

«ሕመሙ። የራስሽ ነው ወይስ የፈጠርሽው? እውነቱን ንገሪኝ፣ ማንም አያባርርሽም።»

«የአክስቴን ነው» አለች ግራ ተጋብታ። «እሷም ድና አሁን ደህና ናት። እኔ ጤነኛ ነኝ፣ መምህር። እርስዎ ይሙቱ።»

ክፍሉ ሳቀ። ዲኑ ሳል ሳል አለው። ሰውዬው ገምጋሚ ፋይላቸውን ገልጠው አንድ ነገር ጻፉ። መምህሩ ግን አልሳቀም፣ እግሩም አልሄድ አለው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው፤ ጤነኛዋን ሲመረምር ያቺ ከሞተች ስድስት ዓመቷ።

«ውረጂ» አላት ቀስ ብሎ።

ስትወርድ አጎንብሶ ጫማውን ፈታ። የግራ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል፤ ሚስቱ ይህን ብታይ ባፈረች። አልጋው ላይ ወጣ፣ ተኛ፣ ብርድ ልብሱን እስከ ደረቱ ሳበ። የሚገርመው ነገር፣ ያን ጊዜ አልጋው ሲጥ አላለም።

ወርቁ በሩን አንኳክቶ ገባ። ዱካው ላይ ተቀመጠ። ቀና ብሎ መምህሩን አየው፣ ፊቱም ተለወጠ። ዱካውን ወደ አልጋው አስጠጋ።

«ታምሜያለሁ» አለ መምህሩ። «ስድስት ዓመቴ ነው። ለሚስቴም አልነገርኳትም። አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። እዚህ አልጋ ላይ ተኝታ እየሞትኩ ነው አለችኝ፤ እኔ ማርክ ሰጠኋት። አምስት ከአምስት። ሐሙስ ለሌላው ክፍል ድገሚልኝ አልኳት፤ ደገመችው። እንባ ይጎድለዋል አልኳት። ከሞተች በኋላ እኅቷ መጥታ ጠየቀችኝ፤ ዋሸኋት። ይሄ አልጋ ሁልጊዜ ይሰማኛል። ከዚያም ወዲህ ስድስት ዓመት ስለ ታመሙ ሰዎች አስተማርኩ፣ አንድም የታመመ ሰው ግን ዓይኑን አላየሁም።»

ወርቁ መጽሐፉን አልከፈተም። አልጸለየም። ከብርድ ልብሱ የወጣውን የተቀደደ ካልሲ አየና ሸፈነው። ከዚያ ሰፊ እጁን የመምህሩ እጅ ላይ አደረገ። ዓይኑን አልጨፈነም።

«ስሟ ማን ነበር?» አለው።

መምህሩ ስሟን ነገረው። ስድስት ዓመት ከአፉ ያልወጣ ስም ነበር። ከዚያ አለቀሰ፤ አባቱ የሞተ ጊዜ እንኳ እንደዚያ አላለቀሰም። ወርቁ እጁን አላነሣም። ሦስት ደቂቃው አለፈ፣ ዐሥርም አለፈ፤ ሰዓቱን ያየ የለም።

በመጨረሻ ከግድግዳው ሥር ጭብጨባ ተነሣ። መጀመሪያ የጀመሩት ሰውዬው ገምጋሚ ናቸው፣ ክፍሉም ተከተላቸው። ሴትየዋ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ግሩም ነው» አሉ ሰውዬው። «መምህር ራሱ ወርዶ ሲያሳይ እንዲህ ያለ የተግባር ትምህርት አይተን አናውቅም። ፍጹም እውነት ይመስላል።»

ዲኑ በደስታ ፊቱ በራ። ወደ አልጋው ጠጋ ብሎ ጎንበስ አለ። «መምህር፣ ተባረኩ። ሦስተኛዋ ገምጋሚ መንገድ ተዘግቶባቸው አሁን ነው የደረሱት። ከሰዓት ለሁለተኛው ክፍል ይደግሙልናል፣ አይደል?»

መምህሩ አየው። ለካ እንዲህ ነው። ለካ ከዚህ ትራስ ላይ ሲታይ የጠያቂው ፊት እንዲህ ነው፤ ደስ ያለው፣ ደግ፣ ምንም ያላየ። አፉን ከፈት አደረገ። ከልማድ «እሺ» ሊል ነበር።

«አይደገምም» አለ አንድ ድምፅ።

ሁሉም ዞረ። ወርቁ ነው። ዱካው ላይ እንደተቀመጠ፣ እጁን ከመምህሩ እጅ ሳያነሣ።

«አይደገምም» አለ እንደገና። «ሰውየው ታሟል።»

የክፍሉ አለቃ አፏን በእጇ ያዘች። ዲኑ ከአንዱ ወደ አንዱ አየ፣ ነገሩ ቀስ ብሎ ገባውና ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ምን እንደሚል ግን አላወቀም። ለዚህ የሚሆን መስመር በማርክ ወረቀቱ ላይ አልነበረማ። አንድ በአንድ ወጡ፤ የመጨረሻው ወጪ በሩን ሊዘጋ ሲል ወርቁ «ተወው፣ ክፍት ይሁን» አለው።

መምህሩ ተነሥቶ ጫማውን አሰረ። የወርቁን የማርክ ወረቀት አወጣ። ሃያዎቹን ነጥቦች አልነካቸውም። ከታች «ለአገልግሎት ብቁ ነው፣ አይደለም» የሚል አለ፤ «ብቁ ነው» ከሚለው ሥር አሰመረና ፈረመ። ቀይ እስክርብቶውን ኮመዲኖው ላይ ተወው።

«እኅቷ አለች» አለ። «ልብስ ሰፊ ናት። ቤቷን አውቀዋለሁ፤ ስንት ጊዜ በበሩ አልፌ ተመልሻለሁ መሰለህ።»

«አብሬዎት እሄዳለሁ» አለ ወርቁ።

እኅትየዋ በር ከፍታ ስታያቸው ደነገጠች፣ ከዚያ ደስ አላት። «መምህር፣ እንዴት ያለ ቀን ነው፣ ግቡ ግቡ» ብላ በጨርቅ የተሞሉትን ሁለት ዱካዎች አራግፋ ጎን ለጎን አስቀመጠችላቸው። ራሷ ስፌት መኪናዋ ጋ ተቀመጠች። ከመኪናው በላይ ግድግዳው ላይ በመስተዋት የተሠራ ፍሬም ተሰቅሏል። መምህሩ ገና ሳይቀመጥ አየው። «ለታማሚዋ፣ አምስት ከአምስት። እውነት ይመስላል!» ቀለሙ አሁንም አልደበዘዘም።

«ደንበኛ ሲመጣ አሳያለሁ» አለች ወደ ፍሬሙ እያየች። «ጎበዝ እንደነበረች ይወቁላት ብዬ።»

ይህን ከሰማ በኋላ ተሰናብቶ ቢወጣ ማንም አይፈርድበትም ነበር። እንዲያውም ለሷ ማዘን ይመስል ነበር። መምህሩ ግን ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት። ማክሰኞውን፣ ጭብጨባውን፣ ሐሙሱን፣ ስለ እንባው ያላትን፣ መጽሐፍ ልትመልስ የመጣች ቀን የዋሻትን። አንዱንም አልቀነሰም። እሷ እግሯን ከመኪናው ፔዳል ላይ ሳታነሣ ሰማችው። ሲጨርስ ተነሥታ ፍሬሙን አወረደች፣ ተመልሳ ተቀምጣም ጭኗ ላይ አኖረችው።

«ሐሙስም ደገመችው?» አለች።

«ደገመችው።»

«ሳታለቅስ?»

«ሳታለቅስ።»

በአውራ ጣቷ መስተዋቱን ጠረገች፤ አቧራ አልነበረበትም።

«ለእኔ አንድ ቀን እንኳ አልነገረችኝም» አለች። «ለእናንተ ሁለቴ ነግራችኋለች።»

ይቅርታ የሚለው ቃል ከመምህሩ አፍ ድረስ መጥቶ ቆመ፣ አሁን ማንን ሊያሳርፍ? ያን ጊዜ ወርቁ ተነሣ። ዱካውን ከመምህሩ ጎን አነሣና ወስዶ ከእሷ ጎን አኖረው። ተቀመጠ። ዓይኑን አልጨፈነም። መምህሩ ብቻውን ከቀረበት ዱካ ላይ ሆኖ አያቸው፣ ሴትየዋም ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር።